ሰብስበው ሲናገሩ ሰው ካልተነሣ፦ የሰውን ስሜት ለጋራ ሥራ የማዋል የአሠራር መመሪያ

ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ከደምበጫ፣ ከሞጣ፣ አንዳንዴም ከእንጅባራ የሚደውሉልኝ ሰዎች ጥያቄያቸው በቃል ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ጠያቂው የተፋሰስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይም የእድር ዳኛ፣ የማኅበር ሙሴ ወይም የመስኖ ተጠቃሚዎች ተወካይ ይሆናል። «ሰው ሰበሰብሁ፣ ተናገርሁ፣ ሁሉም እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ፤ በማግሥቱ ዶማ ይዞ የመጣው ግን አራት ሰው ነው። ምን ላድርግ?» ይለኛል። በስልክ ስደጋግመው ከምኖር አንድ ጊዜ ልጻፈው ብያለሁ።

መመሪያው ሰዎች በፈቃዳቸው ጉልበት ወይም ገንዘብ ለሚያዋጡበት ሥራ ነው። ደመወዝ ወይም ቅጣት ላለበት ሥራ አይሆንም። ከምሳሌዎቹ አብዛኞቹን ከቦረቦር፣ ማለትም ጎርፍ መሬቱን ቆርሶ ከሚፈጥረው ገደል፣ ወስጃለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነውና። የቦረቦር ጉዳቱ ከታች ነው፣ መነሻው ግን ከላይ። ጎርፉ ከላይኛው እርሻ ሳይገታ ከታች የድንጋይ ክትር ቢደረደር የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል። ስለዚህ ሰብሳቢው ማስነሣት ያለበት የተጎዳውን ብቻ ሳይሆን አንድ ስንዝር መሬት ያልጎደለበትን የላይኛውን ገበሬም ነው። በጮቄ ተራራ ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የላይኛውን ገበሬ ያስነሣ ሰው የእድር ድንኳን መግዣ ማሰባሰብ አያቅተውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ።
- በየጎጡ የተከፈለ የአባወራና የእማወራ ስም ዝርዝር።
- ካለፈው መዋጮ የተረፈም ሆነ የጎደለ ሒሳብ ካለ፣ ከነደረሰኙ።
- በእጅ ተይዞ የሚታይ አንድ ዕቃ። ለቦረቦር ከሆነ ከእርሻው ጫፍ የተቆረሰ አፈር ወይም ሥሩ ተራቁቶ የወደቀ ችግኝ።
- ታሪኩ እንዲነገር የፈቀደ አንድ ተጎጂ።
- ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች። አንደኛው በሐሳብዎ የማይስማማ ቢሆን ይመረጣል።
- የመጀመሪያው ቀን ሥራ መሣሪያ በሙሉ፤ ዶማ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ ካስማ።
- የአጥቢያው በዓላትና የገበያ ቀናት ዝርዝር።

ድምፅ ማጉያ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሁለት መቶ ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጠ የሰው ድምፅ ይበቃል፤ ማጉያ ሲያዝ ሰዉ «መመሪያ መጣ» ብሎ ልቡን ይዘጋል።

አሠራር

1. ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ልማታችንን እናፋጥን» ሥራ አይደለም። «ማክሰኞ በ13 ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ከላይኛው ጎጥ እርሻ ራስጌ ይገናኝ፤ እስከ 4 ሰዓት ተኩል እርከን እንሠራለን» ግን ሥራ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ሰውና መሣሪያ አለው።

ይህ ከሁሉ የሚቀድመው የተነካ ልብ የሚሄድበት መንገድ ስለሚፈልግ ነው። መንገዱን ካላዘጋጁለት ወደ ወሬ፣ ከዚያም ወደ ሐሜት ይሄዳል። ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ካቃተዎት ስብሰባውን ያዘግዩት። ሥራ ያላዘጋጁለትን ስሜት አያስነሡ፤ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ።

2. ቀኑን ይምረጡ

በጎጃም ገጠር ገበሬው መሬት የማይነካባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከቅዳሜና እሑድ ሌላ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ እግዚአብሔር አሉ፤ እንደ ደብሩም ሌሎች ይጨመራሉ። አዲስ የተሾመ ሰብሳቢ ይህን እንደ እንቅፋት ያየዋል። እኔ ግን እንደ ስጦታ ነው የማየው፤ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ሳይጠራ ተሰብስቦ ይገኛልና። ስብሰባውን በበዓሉ፣ ሥራውን በማግሥቱ ጠዋት ያድርጉ፤ በ12 ተነጋግሮ በ13 መቆፈር፣ በ21 ተነጋግሮ በ22 መቆፈር ነው። በ27 ከሰበሰቡ ግን ያለዎት 28 ብቻ ነው፤ በ29 ሰው አይወጣም።

ማግሥቱ የተመረጠው ስሜት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ዛሬ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሰው ከነገ ወዲያ የራሱን በሬ ይፈልጋል፤ ክፋት አይደለም፣ ኑሮ ነው። በሳምንቱ ለሚጀመር ሥራ ልብ የሚነካ ንግግር ማድረግ በባዶ ምጣድ ሥር እሳት ማንደድ ነው።

የገበያ ቀን አይምረጡ። በዐቢይ ጾም ከሆነ አሳጥረው በጠዋት ይጨርሱ፤ ሳይበላ የዋለ ሰው የሚሰማው ነገር ሁሉ ቁጣ ይመስለዋል።

3. ሰዉ አሁን ምን እንደሚሰማው ይጠይቁ

ብዙ ሰብሳቢ ይህን ደረጃ ዘሎ ነው ለእኔ የሚደውለው። «ሰዉ ግድ የለውም» ይለኛል። ከዚህ ሥራ ጋር በቆየሁባቸው ዓመታት ግድ የሌለው ሰው ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ያገኘሁት የተጠራጠረ፣ የደከመ፣ የተቀየመ ወይም ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው። አራቱም ከሩቅ ሲታዩ ግዴለሽ ይመስላሉ።

ሦስት ቀን ይውሰዱ። ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠበቅ፣ ቡና ሲጠጣ፣ ከቀብር መልስ መንገድ ላይ ይጠይቁ። ጥያቄው «ትመጣለህ ወይ?» አይሁን፤ ለእሱ መልሱ ሁልጊዜ «እመጣለሁ» ነው። «ባለፈው ስንሠራ ምን ከፋዎት?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ያዳምጡ።

እኔ ይህን የተማርሁት ተዋርጄ ነው። አንድ ጊዜ ምንጭ ለማጎልበት መዋጮ ልናሰባስብ ወጥተን ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ ሕፃናት ጤና አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርሁ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ስብሰባው ሲበተን አንድ አዛውንት ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ አንተ ስለ ውኃው ትናገራለህ፤ ሰዉ ስለ ብሩ ያስባል» አሉኝ። ለካስ ከሁለት ዓመት በፊት የተዋጣ ገንዘብ ሒሳቡ ሳይነበብ ቀርቶ ኖሯል። በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ውኃ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ሒሳቡን፣ የጎደለችውንም ጭምር፣ መስመር በመስመር አስነበብሁ። መዋጮው የተጀመረው እዚያው በተቀመጥንበት ነው።

የሚያገኙት መልስ የሚቀጥለውን እርምጃ ይነግርዎታል። ጥርጣሬ ከሆነ ሒሳብ ያስቀድሙ። ድካም ከሆነ ሥራውን በግማሽ ይቀንሱ። ቂም ከሆነ ከስብሰባው በፊት ሽማግሌ ይላኩ፤ ሁለት የተጣሉ ቤተሰቦች ባሉበት ጎጥ የቱንም ያህል ቢናገሩ ሰዉ የሚያየው ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። ተስፋ መቁረጥ ከሆነ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሂዱ።

4. አንድ ስሜት ይምረጡ

ሁሉንም በአንድ ንግግር ለማስነሣት የሚሞክር ሰው አንዱንም አያስነሣም። እያንዳንዱ ስሜት ሰውን የሚወስድበት አቅጣጫ የተለያየ ነውና ከሥራው ጋር ያዛምዱት።

ስጋት ፈጣን ነው። ችግሩ ሰውን ለየብቻው ማስሮጡ ነው። በአንድ የደጋ ቀበሌ «ይህ ቦረቦር በጥቂት ክረምት ከቤታችሁ ደጃፍ ይደርሳል» ብዬ አስፈራርቼ ነበር። ያልሁት እውነት ነበር፤ ሰዉም ደነገጠ። በሳምንቱ ስመለስ ግን ሁለት ቤቶች አጥራቸውን ወደ ኋላ አዛውረው፣ ሌሎች በየድንበራቸው ባሕር ዛፍ ተክለው አገኘኋቸው። ሁሉም የፈራውን ያህል ሠርቷል፤ በጋራ የተሠራ ግን የለም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አደጋውን በሰፊው ነግሬ መውጫውን በአንድ ቃል ስላለፍሁት እያንዳንዱ የራሱን መውጫ ፈለገ። መውጫ ጨርሶ የማይታየው ሰው ደግሞ ጭራሽ ጆሮውን ይደፍናል። ከዚያ ወዲህ ልኬዬ እንዲህ ነው፦ አደጋው አንድ እፍኝ፣ መውጫው ሁለት እፍኝ።

ኩራት ከስጋት የሚረዝም ስሜት ነው፤ ሰው ከራሱ የበለጠ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። በአዊ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ፈረሱን እንዲያስጌጥ ማንም አላዘዘውም። እርስዎም በአካባቢዎ ሰው ሳይታዘዝ አሳምሮ የሚሠራውን ይፈልጉ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ የታቦት መንገድ ጠረጋ ወይም የጤፉ ጥራት ሊሆን ይችላል። ኩራቱ ያለው እዚያ ነው፤ አዲሱን ሥራ ከእሱ ጋር ያያይዙት። «የታቦቱን መንገድ በአንድ ጠዋት የጠረገ ሰው ይህ እርከን ያቅተዋል?» ማለት ይበቃል። ጎረቤት ቀበሌን አሳንሰው ግን ኩራት አይገንቡ፤ ግጦሹም ውኃ መውረጃውም የጋራ ስለሆነ ነገ ይጣላሉ።

ይሉኝታ ለላይኛው ገበሬ የሚሠራው መድኃኒት ነው፤ እንደ ማንኛውም መድኃኒት ግን ልኩ ካለፈ ይመርዛል። የላይኛው ገበሬ ቦረቦሩ አይነካውም። ጤፉ ሲታጨድ በወንፈል የወጣለት፣ እናቱ ሲያርፉ አስከሬን የተሸከመለት ሰው ግን ከታችኛው ጎጥ ነው። ይህን ዕዳ በአደባባይ አይቁጠሩበት። ቤቱ ሄደው ስለ ሌላ ነገር ያውሩ፤ መጨረሻ ላይ «የእነ እገሌ ማሳ ዘንድሮ ስንት ፈር ቀረው መሰለህ?» ብለው ይነሡ። ቀሪውን ራሱ ያስበዋል። በሕዝብ ፊት ያሳፈሩት ሰው አንድ ቀን ይመጣል፤ ሁለተኛ ግን አይመጣም፣ ወንድሙንም ያስቀራል።

ኀዘን ያቀራርባል፤ እጅን ግን ያከብዳል። ለመዋጮ ይሆናል፣ በማግሥቱ ለሚቆፈር መሬት አይሆንም። ተስፋ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ሥራው ተሳክቶለት ሣር ወደበቀለበት ቦረቦር አምስት ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ከአምስቱ ሁለቱ የማያምኑ ይሁኑ። ተመልሰው የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ስለ ቁጣ ከማስጠንቀቂያው ክፍል ያንብቡ።

5. አንድ ሰው፣ አንድ ዕቃ

ለሄክታር ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ሰው የሚነካው በሰው ነው። «በቀበሌያችን ይህን ያህል መሬት ተጎድቷል» ከማለት፣ አንዲት እናት ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በአንድ እርምጃ ይሻገሩት የነበረውን ፈፋ ዛሬ ልጃቸው ትምህርት ቤት ለመሄድ እንዴት እንደሚዞረው መናገር ይሻላል። ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ልብ ከተከፈተ በኋላ የመጣ ቁጥር ይያዛል፣ ቀድሞ የመጣ ግን ይዘለላል።

ታሪኩን ከመናገርዎ በፊት ለባለቤቱ ደግመው ይንገሩትና «እንዲህ ብዬ ብናገር ይከፋዎታል?» ብለው ይጠይቁ። ራሳቸው ልናገር ካሉ ቦታውን ይልቀቁላቸው። ዕቃውን ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፉት። አፈሩን በመዳፉ ያፈሰሰ ገበሬ ከሚሰማው ይልቅ የነካውን ያምናል።

6. ራስዎን ያዘጋጁ

ሰብሳቢው ይዞት የመጣው ስሜት በሰዉ ላይ ይጋባል። ቸኩለው ከመጡ ሰዉ ይቸኩላል፤ ተናደው ከመጡ ተናዳፊ ያፈራሉ። ከሌላው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፣ የሚመጣውን እየተነሡ ሰላም ይበሉ፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጁ ይጠይቁ። ንግግሩን በዝቅተኛ ድምፅ ይጀምሩ፤ ሰው ለመስማት ሲል ጸጥ ይላል።

የማይሰማዎትን ስሜት አያስመስሉ። ይህ ለየትኛውም አገር ይሠራል፤ በእኛ ዘንድ ግን ዋጋው የከፋ ነው። በጎጃም የቅኔ ቤት ያልረገጠው እንኳ ጆሮው ሰምና ወርቅ ለይቶ አድጓል። አንድ የሰብሳቢ ቃል ለሁለት ፍቺ ከተመቸች በዚያው ምሽት ጠላ ቤት ትተረጎማለች፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሲናገሩ ሰዉ የሚያፍነው ሳቅ በእርስዎ ላይ ነው። ቃልዎን አጭርና ግልጽ ያድርጉ።

7. ንግግሩን በዚህ ቅደም ተከተል ይናገሩ

ሰላምታ፤ ያለፈውን ሥራ ማመስገን (ከጎደለ ጉድለቱን ማመን)፤ የአንዱ ሰው ታሪክ፤ አደጋው በአጭሩ፤ መውጫው በሰፊው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ፤ ጥያቄ። ሁሉም ከ15 ደቂቃ አይለፍ።

ብዙዎች የሚረሱት ድርሻውን ነው። የአጼ ምኒልክን የ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ የሰማ ሰው «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» የሚለውን አይረሳም። ቀጥሎ ጉልበት የሌለውም በኀዘኑ እንዲረዳ ይጠየቃል፤ ማንም ከጥሪው ውጭ አልቀረም። መጨረሻው ላይ ያለው ማስፈራሪያ ግን የንጉሥ ነው፤ የእድር ዳኛ አይኮርጀው። እርስዎም አዛውንቱን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ልጅ እግሩን በየአቅማቸው ያስቡ፤ ማን ድንጋይ ይለቅማል፣ ማን ገመድ ይይዛል፣ ማን ውኃ ያመጣል፣ ማን ይመርቃል። ሥራ ያልተሰጠው ሰው ተመልካች ይሆናል፣ ተመልካች ደግሞ ተቺ ነው።

ለናሙና ያህል፦

«እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ዓመት የሠራነው እርከን ሁለት ቦታ ፈርሷል፤ ልኬቱን ያሳሳትሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። ይህን አፈር እዩት። የመጣው ከእኚህ እናት ማሳ ጫፍ ነው። ባለቤታቸው ሲያርሱት አሥራ ሁለት ፈር ነበር፣ ዘንድሮ ሰባት ቀረ። ውኃው ከእሳቸው አልተነሣም፣ ከላይ ነው የሚመጣው። ከላይ ያለውም ሰው በደል የለበትም፣ ዝናብ የሚዘንበው በእሱ ፈቃድ አይደለምና። ግን ከላይ ብናቆመው ከታች አይደርስም። ነገ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ብቻ እንሠራለን። ጉልበት ያለው ይቆፍራል፣ ልጆች ድንጋይ ያቀብላሉ፣ አባቶች ይመርቁናል። የሚከብደው ነገር ካለ አሁን ይነገረኝ።»

«በደል የለበትም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አይዝለሉ። የላይኛው ገበሬ ወደ ስብሰባው የሚመጣው ሊከሰስ ተዘጋጅቶ ነው፤ ክሱ ካልመጣ ትጥቁን ይፈታል።

8. ዝም ይበሉ

ከጥያቄው በኋላ ያለው ጸጥታ ያስፈራል። ሰብሳቢው ፈርቶ ንግግሩን ይደግማል፣ ያኔ ነገሩ ይበላሻል። ይታገሡ። መጀመሪያ የሚናገረው ከዝርዝሩ ላይ ያስቀመጥነው የማይስማማው ሽማግሌ ቢሆን መልካም ነው። ሐሳቡን አስቀድመው ቤቱ ሄደው ይስሙ እንጂ አያባብሉት። የተቃወመ ሰው ተቃውሞው በጨዋነት ሲመለስለት ያየ ሕዝብ ከአሥር ደጋፊ ንግግር ይበልጥ ያምናል።

ሴቶች ብዙ ጊዜ ከዳር ይቀመጣሉ፣ ሳይጠየቁም አይናገሩም። በስም እየጠሩ ይጠይቋቸው። ነገ ጠዋት ከቤት ማን እንደሚወጣና ማን እንደሚቀር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

9. ስም ይጻፉ

ስብሰባው ሳይበተን በየጎጡ አንድ አስተባባሪ ተነሥቶ «ከእኛ ጎጥ ይህን ያህል ሰው ይወጣል» ይበል፤ እርስዎም በደብተር ይጻፉ። በሰው ፊት በገዛ አፉ የተናገረውን ቃል ሰው ለራሱ ክብር ሲል ይጠብቀዋል፤ ሰብሳቢ የጫነበትን ቁጥር ግን የሰብሳቢው ዕዳ አድርጎ ያየዋል። ከዚያ ሽማግሌ ይመርቁ። ምርቃት ስብሰባውን ይቋጨዋል፤ ከምርቃት በኋላ «አንድ ነገር ረስቼ» ብለው አይነሡ።

10. የመጀመሪያው ጠዋት

ቀድመው ይገኙ፤ የመጀመሪያውን ዶማ የሚያሳርፉት እርስዎ ይሁኑ። ሥራውን ከላይኛው ገበሬ ማሳ ይጀምሩ፤ የታችኛው ጎጥ ሰው በእሱ እርሻ ላይ ሲያልበው ሲያይ ያን ጊዜ ይሉኝታው ወደ ወዳጅነት ይለወጣል። ቀረርቶና ሽለላ ከመጣ ደስ ይላል፤ ከሰዉ ይነሣ እንጂ እርስዎ አይዘዙት። እስከ 4 ሰዓት ተኩል ብለው ከተናገሩ በ4 ሰዓት ተኩል ያቁሙ፣ ሥራው ቢጣፍጥም። ቃሉን የጠበቀ ሰብሳቢ ለሁለተኛው ቀን ንግግር አያስፈልገውም።

በዚያው ዕለት የተሠራውን በእርምጃ ለክተው ይንገሩ፣ ያልመጡትን ግን በስም አያንሡ።

ማስጠንቀቂያ

ቁጣ። ከስሜቶች ሁሉ ቶሎ የሚነሣውና ሰውን በአንድ ላይ የሚያቆመው ቁጣ ነው፤ ስለዚህም ያጓጓል። ነገር ግን ቁጣ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ እውነተኛውን ካላገኘ ቅርብ ያለውን ይይዛል። የተቆጣ ሰው አደጋን አሳንሶ ያያል፣ ነገ ምን ይሆናል ብሎም አያስብም። ያስነሡትን ቁጣ መልሰው ማስተኛት አይችሉም፤ ነገሩ ነፍስ አጥፍቶ ቤተሰብ ከቤተሰብ በደም ሲፈላለግ ሰብሳቢው ከመሐል ወጥቶ ቤቱ ይገባል። በሰው፣ በዘር ወይም በሃይማኖት ላይ የሚነሣ ቁጣን በምንም ሥራ ውስጥ አይጠቀሙ። በደል ካለ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ነው።

ኀዘንተኛ። ገና አርባው ያልወጣን ሰው ታሪክ አይናገሩ፣ ቢፈቅድልዎትም። ያን ጊዜ የሚሰጥ ፈቃድ ከልብ መሆኑን ባለቤቱም አያውቀውም።

ግዝት። ካህኑ «ያልወጣ የተገዘተ ይሁን» እንዲሉልዎ አይለምኑ። ሰው ይወጣል፤ ሥራውን ግን ከኃጢአት ጋር አያይዞ ይጠላዋል፣ ካህኑንም ከመንጋቸው ጋር ያጋጯቸዋል።

የተጋነነ አደጋ። አንድ ጊዜ «ዘንድሮ ይበላችኋል» ብለው ዘንድሮ ካልበላ፣ ሲበላ የሚሰማዎት የለም።

ይህን የሚያነቡት ሰብሳቢ ሆነው ሳይሆን ተሰብሳቢ ሆነው ከሆነ ሦስት ጥያቄዎች ይያዙ። የተጠየቅሁት ሥራ ምንድን ነው? ተናጋሪው ራሱ ምን ያዋጣል? አንድ ሌሊት አድሬ ብመልስ ይከፋዋል? ለመጨረሻው «አዎ» የሚል ሰው የእርስዎን ሥራ ሳይሆን ግለትዎን ነው የፈለገው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- አርባ ሜትር እርከን ለመቆፈር ከአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ መጀመር። የጀግና ስም ለትንሽ ነገር ሲጠራ ሥራውም ስሙም ይቀላል፤ ሰዉም ከዐሥረኛው ጊዜ በኋላ ማዛጋት ይጀምራል።
- «እናንተ ሰነፎች ስለሆናችሁ ነው» ማለት። የመጣውን ሰው ስላልመጣው መስደብ ነው።
- ሁለት ሥራ በአንድ ስብሰባ ማንሣት። ሰዉ የሚቀለውን መርጦ በሱ ይሸነግልዎታል።
- እንግዳ ባለሥልጣን ጠርቶ የመጀመሪያውን ቃል ማሰማት። መጨረሻ ላይ ይመስግን፤ ከመጀመሪያው ከተናገረ ሥራው የእሱ ይሆናል።
- ጠላ አጠጥቶ ማስፈረም። ጠላው ከሥራው በኋላ ነው።
- ስብሰባውን በጭብጨባ መለካት። የሚለካው በማግሥቱ በዶማ ቁጥር ነው።

ይህን ሁሉ አድርገውም አራት ሰው ብቻ ቢመጣ

አይመልሷቸው፣ ስለቀሩትም አያማርሩላቸው። ከአራቱ ጋር ሰው ወደ ገበያ ሲሄድ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለውን የላይኛውን ማሳ ይምረጡና በአንድ ጠዋት የሚያልቅ አጭር እርከን ሠርተው ይጨርሱ። ግማሽ ሆኖ የቀረ ረጅም እርከን አይጀምሩ፤ አላፊ አግዳሚው የሚያየው ያልተጨረሰውን ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ አራቱን ይዘው ሄደው ውኃው ከእርከኑ ሲቆም ይዩ። ከዚያ በሚቀጥለው በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እርስዎ ይቀመጡና እነሱ ይናገሩ።